ነፋሱ የማንም፣ መሬቱ የማን?

በጅቡቲ ከተማ ዳርቻ፣ ባልባላ በሚባለው ሰፊ አካባቢ ባለው ሃያብለ ሰፈር ሰኔ ሲገባ ነፋሱ ፊቱን ያዞራል። ከባሕሩ ይመጣ የነበረው ለስላሳ አየር ይቀርና ካምሲን የሚሉት ደረቅ ንዳድ ከበረሃው በኩል ይነሣል። የቆርቆሮ ጣሪያዎች ይንኳኳሉ፤ የተሰጣ ልብስ በደቂቃዎች ውስጥ ደርቆ አቧራ ይለብሳል፤ ሱቅ ደጃፍ የተደረደረው ዕቃ ሸራ ይደረብበታል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ወደ ማራገቢያው፣ አቅም ያለውም ወደ ኤር ኮንዲሽነሩ ይሸሻል። የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ጣሪያ የሚነካው በእነዚህ ወራት ነው። በእንዲህ ያለ ሌሊት መብራት ከጠፋ ባልባላ ውስጥ የፍሪጁ ሥጋ ይበላሻል፤ እንቅልፍም አብሮ ይሄዳል።

ጅቡቲዎች የሚሸሹት ነፋስ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዋጋ ወጥቶለታል። ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ በተራሮች መካከል ጠብቦ በሚያልቅበት በጉቤት አካባቢ፣ 17 ግዙፍ ተርባይኖች ቆመዋል። የማመንጨት አቅማቸው 60 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። ፕሬዚዳንት ኢስማኤል ዑመር ጌሌ ማመንጫውን መርቀው የከፈቱት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2023 ነው። ለጅቡቲ የመጀመሪያው የነፋስ ኃይል ማመንጫ ከመሆኑም በላይ፣ በግል ባለሀብት ተገንብቶ ኤሌክትሪኩን ለመንግሥት ድርጅት የሚሸጥ የመጀመሪያው ተቋም ነው። ግንባታው ወደ 122 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ሬድ ሲ ፓወር ከተባለው ባለቤት ድርጅት ጀርባ የአፍሪካ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን፣ የኔዘርላንድ የልማት ባንክ ኤፍ.ኤም.ኦ.፣ ክላይሜት ፈንድ ማኔጀርስና የጅቡቲው ግሬት ሆርን ኢንቨስትመንት ሆልዲንግ አሉ። ኤሌክትሪኩን የጅቡቲ ኤሌክትሪክ ድርጅት በ25 ዓመት ውል ይገዛል።

ከጉቤት የሚነሣው ኃይል ወደ አገሪቱ መረብ ገብቶ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ሃያብለ ያለ አምፖል የበራው በነፋስ ይሁን፣ በነዳጅ ይሁን፣ ወይስ ከኢትዮጵያ በመጣ የግድብ ውሃ፣ የሚለይ የለም። ኤሌክትሪክ የመጣበትን አገር አይናገርም። ስለዚህም ነው የነፋስ ማመንጫ ሲታሰብ «ሕዝቡን አወያይተናል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ቆም ብሎ የሚያስጠይቀው። መብራቱ ለአንዱ ሕዝብ ነው፤ ተርባይኑ የሚቆመው በሌላው ሕዝብ ግጦሽ ላይ ነው። ለስብሰባ የሚጠራው ሁለተኛው ነው። ሲጠራስ ስለ ምን ይጠየቃል?

ከድሬዳዋ የመጣው ብርሃን

ጅቡቲ ለረጅም ዘመን የኖረችው ነዳጅ በሚያነዱ ጄኔሬተሮች ነው። ዘይቱ በመርከብ ይመጣል፤ ዋጋው ከዓለም ገበያ ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ ስለዚህም የጅቡቲ ኤሌክትሪክ በአፍሪካ ውድ ከሚባሉት ተርታ ቆይቷል። ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር የተዘረጋው 283 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው 230 ኪሎ ቮልት መስመር ከድሬዳዋ ተነሥቶ፣ በአዲጋላ አልፎ፣ ጅቡቲ ከተማ ዳርቻ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ከጅቡቲ ፍጆታ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ይገባል።

በዚህ የተነሣ የሁለቱ አገሮች ኑሮ በአንድ ሽቦ ታስሯል። በኢትዮጵያ በኩል ግድብ ሲጎድል ወይም መስመር ሲበጠስ ባልባላ ይጨልማል። የጉቤት ተርባይኖች የተተከሉት ይህን ጥገኝነት ለመቀነስ ነው። ድንበሩን ተሻግሮ በሶማሌ ክልል አይሻ ላይም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በቻይናው ዶንግፋንግ ኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭነት 120 ሜጋ ዋት የነፋስ ማመንጫ ሲያስገነባ ቆይቷል። ጉቤትና አይሻ በአንድ የበረሃ ቀጠና ውስጥ ናቸው። ነፋሱ ወሰን አያውቅም፤ ከብቶቹን የሚነዳው አርብቶ አደርም ብዙ ጊዜ አያውቅም።

ነፋስ ለምን በረሃና አምባ ላይ እንደሚፈለግ ማወቅ ቀጥሎ ለሚመጣው ክርክር ይጠቅማል። ከነፋስ የሚገኘው ኃይል ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ያድጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በሰከንድ ስድስት ሜትር በሚነፍስበትና ስምንት ሜትር በሚነፍስበት ቦታ መካከል ያለው ልዩነት ለጆሮ ትንሽ ነው፤ ነፋሱ የተሸከመው ኃይል ግን ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ባለሀብቱም የሚፈልገው ይህንን ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ ምሰሶ ተክሎ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ነፋሱን ለክቶ፣ ቦታውን መርጦ ሲጨርስ የአካባቢው ሰው ገና ወሬውን አልሰማም። ሕዝቡ ለውይይት የሚጠራው ካርታው ከተሣለ በኋላ ነው።

ስብሰባው

ሥርዓቱ ከሞላ ጎደል በሁሉም ቦታ አንድ ነው። ቀን ይቆረጣል። በኢትዮጵያ በኩል የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ በጅቡቲ በኩል ኦካል የሚባለው የባህል ሹም ለሰው ያስነግራል። በዛፍ ጥላ ወይም በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ወንበር ይደረደራል። ሽማግሌዎች ከፊት ይቀመጣሉ፤ ወጣቶች ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ፤ ሴቶች ከኋላ ይሆናሉ። የድርጅቱ ሰዎች ካርታ ዘርግተው ስለ ንጹሕ ኃይልና ስለ አገር ዕድገት ይናገራሉ፤ አስተርጓሚ ይቀበላል። ከዚያ «ጥያቄ ያለው?» ይባላል።

ጥያቄው ሁልጊዜ አለ። ለልጆቻችን ሥራ ይኖራል ወይ? የከባድ መኪናው መንገድ የት ያልፋል? የውሃ ጉድጓድ ትቆፍሩልናላችሁ? ድምፁ ግመል አያስበረግግም? መብራቱስ ለእኛ ይደርሳል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ የተሸከመ መስመር ከጎጆ በላይ ማለፉ ለጎጆው አምፖል አያበራምና። ለዚያ ሌላ ማከፋፈያ፣ ሌላ ትራንስፎርመር፣ ሌላ በጀት ያስፈልጋል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። መልሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ይታያል» ወይም «ለሚመለከተው ክፍል እናቀርባለን» ይሆናል። ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ የተገኙ ሰዎች ይፈርማሉ፣ ፊደል ያልቆጠረው በአውራ ጣቱ ይፈርማል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ሁሉም ተጠርዞ በአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ መጨረሻ ላይ አባሪ ይሆናል።

የፊርማው ወረቀት ሰዎቹ እንደነበሩ ያስረዳል። እነርሱ በመኖራቸው ምን እንደተለወጠ ግን አይናገርም።

ሕጉ ግን ከፊርማ በላይ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ አንቀጽ 92ም ስለ አካባቢ ይህንኑ ይደግማል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ በአንቀጽ 15 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ በተለይም ጉዳት ሊደርስባቸው የሚችሉ ማኅበረሰቦች የሰጡት አስተያየት በሪፖርቱና በግምገማው ውስጥ እንዲካተት ያዛል። «እንዲካተት» የሚለው ቃል ማዳመጥን ብቻ አያመለክትም። ጅቡቲም እ.ኤ.አ. በ2009 የአካባቢ ሕጓን አውጥታ በ2011 የተጽዕኖ ግምገማ ሥነ ሥርዓቱን በድንጋጌ አሻሽላለች። በጉቤት ላይ ደግሞ ከአገሪቱ ሕግ በተጨማሪ የዋስትና ሰጪው ደንብ አለ፤ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ሚጋ ለፕሮጀክቱ ዋስትና ሲሰጥ የቡድኑን የማኅበራዊና የአካባቢ ጥበቃ መመዘኛዎች ማሟላት ግዴታ ነው።

ሌላ ልማድ ያለበትን አገር ማየት ልዩነቱን ያሳያል። በእንግሊዝ አከራካሪ የግንባታ ፈቃድ በይፋ ምርመራ ሲታይ መድረኩን የሚመራው ባለሀብቱም የአካባቢው አስተዳደርም አይደለም፤ ለዚሁ የተመደበ ገለልተኛ መርማሪ ነው። ሁለቱም ወገኖች ምስክር ያቀርባሉ፤ የባለሀብቱ ባለሙያ በተቃዋሚው ጠበቃ ይጠየቃል፤ መርማሪው ቦታውን ሄዶ ያያል፤ በመጨረሻም እያንዳንዱን ክርክር ለምን እንደተቀበለ ወይም እንደጣለ በጽሑፍ ያስረዳል። አካሄዱ ይረዝማል፤ ወጪውም ከባድ ነው፤ አንዳንዱም ፕሮጀክቶችን ለማጓተት ይጠቀምበታል። አንድ ነገር ግን አለው፦ ለተነሣ ጥያቄ የተጻፈ መልስ።

ትንሽ መሬት፣ ብዙ ሰው

የነፋስ ማመንጫን ከግድብና ከስኳር እርሻ የሚለየው መሬት የሚወስድበት መንገድ ነው። ግድብ ሸለቆውን በሙሉ ይሞላል፤ የሚነሣው ሰው በሙሉ ይነሣል። ተርባይን ግን የሚፈልገው ለኮንክሪት መሠረቱ፣ ክሬን ለሚቆምበት መደብና ለመግቢያ መንገዱ ብቻ ነው። የዘመኑ ትልልቅ ተርባይኖች የክንፍ ዙር ከመቶ ሜትር በላይ ስፋት ስላለው፣ አንዱ የሌላውን ነፋስ እንዳይሰርቅ በመካከላቸው ብዙ መቶ ሜትር ይተዋል። በዚህ ክፍት ቦታ ገበሬው ያርሳል፤ ከብቱም ይግጣል። በአዳማ ዙሪያ ይህ በዓይን የሚታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቁት 34 ተርባይኖችና በ2015 የተከተሉት 102 ተርባይኖች ሥር ጤፍ ይዘራል።

ባለሀብቶች ይህን እንደ ትልቅ በጎ ጎን ያነሡታል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን የጉዳቱ መልክ ይቀየራል እንጂ ጉዳቱ አይቀርም። ከመቀሌ ደቡብ የሚገኘው አሸጎዳ ምስክር ነው። የፈረንሳዩ ቨርኜ በ210 ሚሊዮን ዩሮ የገነባው ይህ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲመረቅ 84 ተርባይኖችና 120 ሜጋ ዋት አቅም ነበረው። ተርባይኖቹ የረገጡት መሬት ትንሽ ቢሆንም፣ ወደ 700 የሚጠጉ ገበሬዎች ከይዞታቸው ከፊሉን ወይም ሁሉን አጥተዋል። አንዱ የማሳው ጥግ ተነካበት፤ የሌላው ማሳ በመንገድ ለሁለት ተከፈለ፤ የሦስተኛው የውሃ መውረጃ ተዘጋ። ለእያንዳንዱ የደረሰው ጉዳት ካሳ ገማቹ ፊት ሲቀርብ ትንሽ ይመስላል።

የካሳ ሕጉ ለትልቅ መፈናቀል የተሰፋ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ገበሬው ከማሳው ለዘለቄታው ሲነሣ የሚከፈለው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር። የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ምትክ መሬት ካልተገኘ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በአሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ። ተነሺዎቹም መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ልማቱ ዓይነት፣ ጥቅምና ሂደት እንዲወያዩ ሕግ ሆነ። ገበሬውን የሚጠቅም ለውጥ ነው፤ አዋጁ በ2016 ዓ.ም. እንደገና ተሻሽሏል። ስሌቱ ግን የሚያባዛው የተወሰደውን ካሬ ሜትር ገቢ ነው። ለሁለት የተከፈለ ማሳ በሬ ጠምዶ ለማረስ መቸገሩን፣ ከብት ወደ ውሃ ሲነዳ የአንድ ሰዓት ዙሪያ ጥምጥም መጨመሩን አያባዛም። እነዚህ በግምት ቅጹ ላይ ዓምድ የላቸውም።

የሕዝብ ምክክሩ ዋጋ እዚህ ላይ ይገለጣል። የተበታተነው ጉዳት ተደምሮ የሚታይበት ሌላ መድረክ የለም። ገማቹ አንድ አባወራ ያያል፤ መሐንዲሱ አንድ መሠረት ያያል፤ ባለሀብቱ ጠቅላላ ሄክታሩን ያያል። ጥጉን፣ መንገዱንና መውረጃውን አንድ ላይ የሚያየው የቦታው ሰው ብቻ ነው። ነፋስ ጥቂት መሬት ስለሚፈልግ ምክክሩ ቀለል ቢል ችግር የለውም የሚለው አስተሳሰብ ነገሩን ይገለብጠዋል። ከነፋስ ይልቅ ምክክርን አብዝቶ የሚሻ ልማት ጥቂት ነው።

ካርታ ላይ የሌለው መንገድ

አርብቶ አደር አገር ሲገባ ደግሞ ችግሩ ይከብዳል። የአዳማ ገበሬ ቢያንስ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አለው፤ ስሙ በቀበሌው መዝገብ ይገኛል። በአይሻ ሜዳ ወይም በጉቤት ዳርቻ ፍየልና ግመል ይዞ የሚያልፈው ኢሳ ወይም አፋር መሬቱን የያዘው በጎሳ ልማድ፣ በዝናብ ተራና በውሃ ጉድጓድ ነው። ስብሰባው በተጠራ ሳምንት እርሱ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ አዋጅ ለጋራ ይዞታም ካሳ ይፈቅዳል፤ ችግሩ ስሌቱ ነው። ዝናብ በጣለበት ዓመት ብቻ የሚለመልም ግጦሽ «የመጨረሻ ሦስት ዓመት ገቢ» እንዴት ይሰላለታል? ሦስቱም ዓመታት ድርቅ ቢሆኑስ?

ጎረቤት ኬንያ በዚህ ጥያቄ ብዙ ከፍላለች። በማርሳቢት የተተከለው የቱርካና ሐይቅ የነፋስ ማመንጫ 365 ተርባይኖችና 310 ሜጋ ዋት አቅም አለው፤ ከአፍሪካ ትልልቆቹ አንዱ ነው። ለፕሮጀክቱ የተከለለው መሬት 150,000 ኤከር ሲሆን ተርባይኖቹ የያዙት ከዚያ እጅግ ጥቂቱን ነው። ቢሆንም የአካባቢው ነዋሪዎች ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 የሜሩ የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት የማኅበረሰቡን መሬት ለባለሀብቱ ለማስተላለፍ ሕጉ ያዘዘው ሥርዓት ስላልተከበረ የይዞታ ሰነዶቹ ሕጋዊ መሠረት እንደሌላቸው ወስኖ፣ ነገሩ እንዲስተካከል አንድ ዓመት ሰጠ። ተርባይኖቹ ያን ጊዜ እየዞሩ ኤሌክትሪክ ይሸጡ ነበር። መጀመሪያ ላይ የተዘለለ ምክክር በመጨረሻ በዳኛ ፊት ተነሣ።

ሌላው የኬንያ ታሪክ ከዚህ ይብሳል። ኪናንጎፕ ላይ ሊሠራ የታሰበው ማመንጫ አቅሙ 60 ሜጋ ዋት ነበር፤ የጉቤት እኩያ። የነዋሪው ተቃውሞ ወደ ግጭት አደገ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ሥራው ተጓቶ ለግንባታ የተያዘው ገንዘብ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ባለቤቶቹ እንደማይቀጥሉ አስታወቁ። ምክክር ጊዜ ያባክናል የሚል ባለሥልጣን ኪናንጎፕን ቢያስብ መልካም ነው።

መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች

«ትቀበላላችሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለድህነት የተዳረገን ሰው በመንግሥትና በባለሀብት ፊት አቁሞ እምቢ በል እንደማለት ነው። የተሻለው ጥያቄ «የት ይሁን? እንዴት ይሁን?» ነው። ለዚህ ደግሞ ሕዝቡ የሚጠቀምባቸው ልኮች አሉ። የዓለም ባንክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የነፋስ ኃይል መመሪያ የሚዞሩ ክንፎች በአንድ ቤት ላይ የሚጥሉት ብልጭ ድርግም የሚል ጥላ በዓመት ከ30 ሰዓት፣ በከፋው ቀንም ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥ ይመክራል። የቡድኑ አጠቃላይ መመሪያ የሌሊት ድምፅ በመኖሪያ አካባቢ ከ45 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይወስናል። እነዚህ ቁጥሮች በአማርኛ፣ በአፋርኛና በሶማልኛ ተብራርተው በስብሰባው ላይ ቢነገሩ፣ ሽማግሌው «ቤቴ ከየትኛው ተርባይን ስንት ሜትር ይርቃል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ይህ ጥያቄ «ይታያል» ተብሎ አይታለፍም፤ መልሱ ቁጥር ነው።

በስብሰባው ላይ ቀርቦ መናገር የማይችል ነዋሪም አለ። ንስርና ጭልፊት የመሳሰሉት ትልልቅ ወፎች ከአውሮፓና ከእስያ ወደ አፍሪካ ሲመጡ ሰፊ ባሕር መሻገር ስለማይወዱ በባብ ኤል መንደብ ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 የመጸው ወራት በጅቡቲ በኩል የተደረገ ቆጠራ ወደ 246,000 የሚጠጉ አዳኝ አእዋፍ መሻገራቸውን መዝግቧል። በሞቃት አየር ተንሳፍፈው የሚጓዙት እነዚህ ወፎች ከተርባይን ክንፍ ለመሸሽ ሁልጊዜ አይፈጥኑም። ግብጽ በስዊዝ ባሕረ ሰላጤ በገበል ኤል ዘይት የምትከተለው ዘዴ አለ፦ መንጋ ሲመጣ በተመልካች ጥቆማ ተርባይኖቹ ለጊዜው ይቆማሉ። ለአርብቶ አደሩ ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በድን የሚያጸዳለት ጥንብ አንሣም ከእነዚህ ወፎች አንዱ ነው።

ጥቅም የመካፈል ጥያቄም አለ። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለዓመታት ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ባለሀብቱ ከነፋስ ማመንጫው ድርሻ ቢያንስ 20 በመቶውን ለአካባቢው ነዋሪዎች ለሽያጭ እንዲያቀርብ አስገድዳ ነበር። የአይሻ አርብቶ አደር አክሲዮን የሚገዛበት ገንዘብ ላይኖረው ይችላል። ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ጥቂት ሳንቲም ለአካባቢው ውሃና ማከፋፈያ መስመር እንዲመደብ በውሉ ውስጥ ማስገባት ግን ይቻላል። ውሉ የ25 ዓመት ነው፤ የጉድጓድ ቁፋሮ ስጦታ የአንድ ቀን ነው።

ጅቡቲ ሁለተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ከኢትዮጵያ ጋር ለመዘርጋት ሥራ ጀምራለች፤ በአይሻ ዙሪያም ተጨማሪ ማመንጫዎች ታስበዋል። ሃያብለ ያለው ቤተሰብ በሰኔ ሙቀት ማራገቢያውን ሲያበራ የዚህ ሁሉ ተጠቃሚ ነው፤ መጠቀሙም መብቱ ነው። ለዚያ ብርሃን ግጦሹን የሰጠው ሰው ደግሞ በስብሰባው ቀን ያነሣው ጥያቄ ምን ሆኖ እንደቀረ ማወቅ መብቱ ነው። ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቃለ ጉባኤው በማኅበረሰቡ ቋንቋ ይጻፍ፤ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን መልሱ፣ የሚፈጸምበት ቀንና ኃላፊው ይስፈር፤ የመጀመሪያው መሠረት ከመቆፈሩ በፊትም በዚያው ቦታ፣ ለዚያው ሰው ተመልሶ ይነበብ። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ፊርማውን የሚያኖረው ከዚህ ንባብ በኋላ ቢሆን፣ ምክክሩ አባሪ መሆኑ ቀርቶ የፈቃዱ አካል ይሆናል።